ዳማ እምቢ ያለችበት ቀን

አንዳንድ ሰው «ባልሽ ምን ትቶልሽ ሞተ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «አንዲት ሞተር ሳይክልና አንድ ዋርሳ» እላለሁ። ሞተሯ እኔን ተሸከመችኝ፤ ዋርሳዬን ደግሞ እኔ ዓመት ሙሉ ተሸከምኩት። ዛሬ የምነግራችሁ እሱን ከትከሻዬ ያወረድኩበትን ቀን ነው።

ስሜ ትርንጎ ይባላል። ቢቸና ከተማ የቅቤና የማር ነጋዴ ነኝ። ባለቤቴ ደሳለኝ በሕይወት እያለ ሥራው የሁለታችን ነበር። እሱ በሞተር የገጠሩን ገበያ እየዞረ ይገዛል፣ እኔ ሱቅ ቁጭ ብዬ እሸጣለሁ። ሞተሯ ቀይ ናት። እሱ የሞጣ ገጠር ልጅ ስለሆነ፣ አባቱ ይቀመጡባት በነበረችው በቅሎ ስም «ዳማ» ብሎ ሰየማት። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከከተማው ዳር ካለው ሜዳ ይወስደኝና ያስተምረኛል። ስወድቅ ይስቃል፤ ስናደድ ይብስ ይስቃል።

ሲደጋግመው የማይሰለቸው አንድ ምክር ነበረው። «ትርንጎዬ፣ ዘቅዛቃ ቦታ ላይ ስታቆሚያት አንደኛ ማርሽ ውስጥ አስገብተሽ አጥፊያት። ያን ጊዜ ኋላ ጎማዋ ይታሰራል፤ ወደፊትም ወደኋላም አትልልሽም። ከማርሽ አውጥተሽ ፍሪ ላይ ከተውሻት ግን የነካት ሁሉ ይነዳታል።» ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ከዚያ ጉበቱን ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ፀጉሬን ተላጨሁ፣ ጥቁር ለበስኩ፣ አርባው ሲወጣ ደግሞ ዳማን አስነሳሁ። ምን ላድርግ? ቅቤው በእግሩ አይመጣ! ከተማው አፉን ከፈተ። «ባሏን ቀብራ ሞተር ላይ ወጣች» ተባልኩ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳልፍ ጡሩምባ ይነፉብኛል፣ እኔም መልሼ እነፋባቸዋለሁ። ሰው ሲለምድ ይተዋል፤ እነሱም ተዉ።

ያልተወኝ ዋርሳዬ፣ የደሳለኝ ታላቅ ወንድም ዳምጤ ነው። ፊት ለፊት «ጋሽዬ» እና «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን እኔ ነኝ ጸሐፊዋ፣ እንደልቤ እጠራዋለሁ። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ከሞጣ ደወለልኝ።

«ትርንጎ፣ ተዝካሩ እዚሁ አባቱ ደብር ነው የሚወጣ።»

«እሺ ጋሽዬ።»

«ሞተሯንም መኪና ልኬ አስጭናታለሁ። እንደ ወጋችን የሟች በቅሎ ትዞራለች።»

ነገሩ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። በባለቤቴ ወገን ወግ፣ በሙት ዓመቱ ዕለት የሟች በቅሎ ተሸልማ በለቀስተኛው መሀል ሦስት ጊዜ ትዞራለች። ልጓሟን ይዞ ያዞራት ሰው እሱ ነው ወራሿ። ማንም በአፉ አያውጀውም፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ማንም አይጠይቀውም። በካህንና በሽማግሌ ፊት፣ በአገር ፊት ያለቀ ነገር ነው። ሰዉ በቅሎ መያዝ ከተወ ወዲህ ወጉም ተረስቶ ነበር። ዳምጤ ዳማን ሲመኝ ጊዜ አስታወሰው።

እንግዲህ ምን ይዋጠኝ? ብልካት ቀረች። አልልክም ብል «የሟችን ክብር ደበቀች» ተብዬ ከዘመድ እቆረጣለሁ። ዳማ ከሄደች ሱቄ ተዘጋ፣ ሱቄ ከተዘጋ የወንድሜ ቤት ጥገኛ ሆንኩ ማለት ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ደሜ ፈላ።

«ጋሽዬ፣ መኪና አይላኩ። እኔው ይዣት እመጣለሁ።»

«በምን?»

«ላይዋ ላይ ሆኜ።»

ሳቀ። አሁንም ያ ሳቁ ትዝ ሲለኝ ጥርሴን እነክሳለሁ። «አንቺ? ከቢቸና ሞጣ? በዚህ የግንቦት ዝናብ? እንግዲያው ስሚኝ፣ ፍትሐቱ አብቅቶ ሕዝቡ ሜዳ ሲወጣ ሞተሯ ከሌለች ቅሌቱ ያንቺ ነው» ብሎ ዘጋው።

በዕለቱ ገና ሳይነጋ ተነሣሁ። የደሳለኝን ሱሪ ከጥቁር ቀሚሴ ሥር ለበስኩ፣ ካፖርቱን ደረብኩ፣ ሄልሜቱን ጥቁር ሻሼ ላይ ደፋሁ። ከአደባባዩ ላይ አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ «ትርንጎ፣ ወዴት ነው በጠዋት?» አለኝ።

«ርስቴን ላስከብር!»

«በሞተር?»

«አንተ በምን ታስከብራለህ፣ በጡሩምባ?» ብዬው ሄድኩ።

እስከ ደብረ ወርቅ በሰላም ነዳሁ። ከከተማው መውጫ ላይ ግን አንድ ጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ሹፌሩ ሲያየኝ እጁን ዘረጋ። ዳምጤ እሺ ብሎ የሚተኛ ሰው መስሎኝ ነበር፤ ወይ ሞኝነት!

«እትዬ ትርንጎ፣ ጋሽ ዳምጤ ጭነህ ና ብለውኛል። እርስዎም ጋቢና ይቀመጣሉ» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ መሬት መሬት እያየ ነው የሚናገር።

«ወንድሜ፣ አንተ ታዘህ ነው፣ አልቀየምህም። ዳማ ግን መኪና ላይ አትወጣም።»

«መንገዱ እኮ ፊት ለፊት ለሥራ ተቆፍሮ እስከ ቀትር ዝግ ነው። ማንም አያልፍም።»

«ታዲያ አንተስ መቼ ልትደርስ ነው?»

ራሱን አከከ። «እሳቸው ሞተሯ መኪናህ ላይ ካለች ሕዝቡን አቆያለሁ ብለዋል።»

አያችሁ? ለመኪናው ሕዝብ ይቆያል፤ ለእኔ ግን አይቆይም። ሹፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፤ «በቀኝ የሚገነጠል የውስጥ ጠጠር መንገድ አለ፤ ሞጣ አጠገብ ያወጣል። ወንዙ ግን ድልድይ የለው። ሌሊቱን ደግሞ ጥሎ ነው ያደረ። እኔ አልነገርኩዎትም።» እግዜር ይስጠው፣ ማርሽ ቀየርኩና በቀኝ ታጠፍኩ።

እስኪ ስለዚያ መንገድ ልንገራችሁ። እስከዚያ ቀን የነዳሁት ከገበያ ገበያ፣ ኋላዬ ላይ የቅቤ ጀሪካን ጭኜ፣ በዝግታ ነበር። ያን ቀን ባዶዬን ነኝ። ጠጠሩ ከጎማዋ ሥር እየፈነጠረ ይንጣጣል፣ መሪው በእጄ ላይ ይደንሳል። «ጠጠር ላይ አንቀሽ አትያዣት፤ ትደንስ ተያት» ይለኝ ነበር ደሳለኝ። ተውኳት። ከመቀመጫው ብድግ ብዬ በእግሬ ቆምኩ። በሁለቱም በኩል አራሹ በሬውን አቁሞ ያየኛል። ድንገት ከሆዴ አንድ ነገር ተፈንቅሎ ወጣና ጮህኩ። ዓመት ሙሉ ያለቀስኩት ጩኸት እንዳይመስላችሁ፤ የደስታ ነበር። ባልቴት በባሏ ሙት ዓመት ዕለት ደስ ይላታል ወይ? እኔን ደስ አለኝ፤ ምን ይሁን?

ደስታዬ ረዥም አልሆነም። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ፍየሎች መንገዱ ላይ ተኝተዋል። ፍሬን ያዝኩ፣ ጠጠሩ ከዳኝ፣ ከዳማ ጋር እየተፋተግን ቦይ ውስጥ ገባን። ጉልበቴ ተላጠ፣ አንዱ መስታወት ረገፈ። ፍየሎቹ እንኳ ከተኙበት አልተነሡም። «ተነሺ አንቺ ሴት፣ ዳምጤ እየሳቀ ነው» አልኩ ለራሴ። የእሱ ሳቅ ያን ቀን ከቤንዚን ይበልጥ ጠቀመኝ።

ትንሽ እንደሄድኩ ጠጠሩ አለቀና ጥቁሩ ዋልካ ጀመረ። የእኛን አገር ዋልካ የማያውቅ ሰው ጭቃ አውቃለሁ አይበል። ከፊት ጎማውና ከጭቃ መከላከያው፣ ከፓራፋንጎው መሀል ገብቶ እንደ ቡኮ ይጠቀጠቅና ጎማውን ጨርሶ ያስረዋል። በእንጨት ጠረግኩ፤ ትንሽ ስሄድ ሞላ። ደግሞ ጠረግኩ፤ ደግሞ ሞላ። በመጨረሻ ከመንገዱ ዳር ዳገት ላይ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ አጠፋኋትና ቁልፍ አውጥቼ ፓራፋንጎውን ፈታሁት። ጀርባዬ ላይ በገመድ አሰርኩት። ከዚያ በኋላ ጎማው ዞረ፤ ጭቃው ግን በቀጥታ ፊቴ ላይ ሆነ። ከሄልሜቱ ሥር የሚታየኝ ግማሽ መንገድ ነው።

ወንዙ ዳር ስደርስ ልቤ ወረደ። ውሃው ደፍርሶ፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ከዳሩ ጥቂት ገበሬዎች ቃሬዛ አስቀምጠው ቆመዋል። ታማሚ ጤና ጣቢያ አድርሰው የሚመለሱ ናቸው። ሸበቶው ሽማግሌ ሞተሯን ወደ ውሃው ሳስጠጋ ጮኹብኝ።

«አንተ ሰውዬ! ሞትህ ነው እንዴ የጠራህ? ውሃው አይታይህም?»

ሄልሜቴን አወለቅኩ።

«ወይ ጉድ! ሴት ናት እኮ!»

«ሴት ነኝ አያ። ውሃው ግን ለወንድም ለሴትም ያው ነው።»

ሌሎቹ ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቁም፤ አያ ሙላት እንደሚባሉ በኋላ ሰማሁ። «የማን ወገን ነሽ? ምን አስቸኮለሽ?» አሉኝ።

«የሞጣው የደሳለኝ ሚስት ነኝ። ሙት ዓመቱ ዛሬ ነው። ይህች ሞተሩ ናት። ሕዝቡ ሜዳ ሳይወጣ ካልደረስኩ ትወሰድብኛለች።»

«ቅቤ ገዢው ደሳለኝ? የባለ ቀይ ሞተሩ?»

«እሱው።»

«ይህችው ናት?»

«ይህችው ናት አያ።»

ቀረብ ብለው የቤንዚን መያዣዋን፣ ሰልባቲዮዋን፣ እንደ በሬ ጎን መታ መታ አደረጓት። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዘወር ብለው፣ «ቃሬዛውን አምጡ» አሉ።

«አያ ሙላት፣ ሞተር በቃሬዛ? ያየን ሰው ምን ይላል?»

«ታማለች ይበላ! ሰው የተሸከምን ብረት ያቅተናል?»

ዳማን በቃሬዛ ላይ አጋደሟት፣ በገመድ ጠፈሯት፣ ተሸክመዋት ገቡ። እኔ ከኋላ ገመዱን ይዤ እከተላለሁ። መሀል ላይ ውሃው ወገቤ ደረሰ፣ ቀሚሴ ከእግሬ ተጠመጠመ፣ አንድ ድንጋይ ከእግሬ ሥር ሸሸ። ሄድኩ ስል አያ ሙላት ክንዴን ጨብጠው አቆሙኝ። ደሳለኝን ከቤታችን እንዲህ ባለ ቃሬዛ ነው ያወጡት። ያን አስታወስኩና እዚያው ውሃው ውስጥ አለቀስኩ። ማዶ ደርሰው ሲያቆሟት ግን ዕንባዬን ጠረግኩ። ይህችኛዋ ከቃሬዛ ላይ ተነሥታለች።

«በይ እንግዲህ ሂጂ፣ መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ» አሉኝ ሽማግሌው።

ረገጥኳት፤ ዝም። ደግሜ ረገጥኳት፤ ዝም። እሳት የሚሰጣት ካንዴላዋ ውሃ ጠጥቷል። ፈታሁና በሻሼ ጫፍ አደራረቅኩት፣ ነፋሁበት፣ መልሼ ገጠምኩ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ልትደርስ ነው። «ደሳለኝ፣ ተው እንጂ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ገበሬዎቹ አማተቡ። ከዚያ የቀረኝን ጉልበት ሁሉ ይዤ ስረግጣት፣ አንዴ ሳለችና ተነሣች። ሰዎቹ እልል አሉልኝ፤ ለሙት ዓመት የምትሄድ ሴት በእልልታ ተሸኘች ብላችሁ ብትስቁ አልቀየምም።

ደብሩ አጠገብ ስደርስ ሕዝቡ ሜዳ ወጥቷል። ካህናቱ በጥላ ሥር፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን። ዳምጤ መሀል ቆሞ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል። «ደብቃታለች አላልኳችሁም?» እያለ ነበር አሉ። ድምፄን ሳይሆን የዳማን ድምፅ ሰምተው ሁሉም ዞሩ። ጥቁር ቀሚሴ ጭቃ፣ ፊቴ ጭቃ፣ ጀርባዬ ላይ ፓራፋንጎ። አንዷ አሮጊት «በስመ አብ!» ስትል ሰማሁ።

አማቴ እሜቴ ጥሩወርቅ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ሄጄ ቆምኩ። ሜዳው ወደ ታች ዘቅዘቅ ያለ ስለሆነ፣ እንደ ልማዴ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ አጠፋሁ። ወርጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቀና ስል ዳምጤ እየመጣ ነው። በእጁ ምን የያዘ ይመስላችኋል? ልጓም! ቀይ ዘርፍ ያለው፣ የአባቱ በቅሎ የድሮ ልጓም።

ያን ጊዜ ወደ ፍሪ ልመልሳት እችል ነበር። እግሬ እዚያው አጠገቧ ነው፣ አንድ ርግጫ ነው የሚፈጀው። አልመለስኳትም። ቁልፉን ነቅዬ ከካፖርቱ ኪስ ከተትኩ። ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት፣ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ።

ዳምጤ ልጓሙን ከመሪው ላይ አሰረ። ሰዉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «በወጋችን የሟች በቅሎ ባዶዋን ነው የምትዞር፤ ጋላቢዋ አፈር ውስጥ ነው» አለ። ማቆሚያዋን በእግሩ አነሣ፣ መሪዋን በአንድ እጁ ደገፈ፣ ልጓሙን ሳበ። ዳማ ንቅንቅ አላለችም። ደግሞ ሳበ። የኋላ ጎማዋ ሣሩን ነከሰና ቀረ። ፊቱ ቀላ። እንደ በቅሎ «ሒጅ!» አላት፤ በእውነት አላት፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ባለ በሌለ ኃይሉ ሲጎትት ልጓሙ ከእጁ አመለጠና በጉልበቱ ተደፋ፤ ዳማም በጎኗ ተጋደመች።

ከሴቶቹ ወገን አንድ ድምፅ፣ «እምቢ አለች!» አለ። ቃሉ ሜዳውን ዞረ። «እምቢ አለች! የደሳለኝ ዳማ እምቢ አለች!»

አንድ ባጃጅ የሚነዳ ዘመዳችን፣ «ጋሽ ዳምጤ፣ እሷ እኮ ማር...» ብሎ ጀመረ። አየሁት። እንዴት አድርጌ እንዳየሁት እኔ አላውቅም፤ ብቻ ቀሪውን ቃል ዋጠው።

ዳምጤ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። የወንድሞቹን ልጆች፣ «ኑ አግዙኝ፣ እንገፋታለን!» አለ። ይህን ጊዜ እሜቴ ጥሩወርቅ ከዘራቸውን አንሥተው መሬቱን መቱ።

«ዳምጤ!»

«እማ፣ ሞተር እኮ ናት! ሞተር እምቢ አይልም። ይህች ሴት የሆነ ነገር አድርጋት ነው!»

«በቅሎ ናት ብለህ ልጓም ያሰርክላት አንተ ነህ፤ እኔ ነኝ? በበቅሎ ወግ አመጣኻት፣ በበቅሎ ወግ ተዋት። እምቢ ያለች በቅሎ በአባትህ ቤት ተገዳ አታውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የነፍስ አባቱ እንኳ ከጥላው ሥር፣ «እውነት ነው፣ አትገደድም» አሉ። ዳምጤ ወዲህም ወዲያም አየ፤ የሚደግፈው አላገኘም። ራሱ ቆፍሮ ያወጣው ወግ እሱኑ ያዘው።

«ትርንጎ» አሉኝ አማቴ፣ «አንሻትና አዙሪያት።»

«ባዶዋን ነው ወጉ!» አለ ዳምጤ።

«ባዶዋን አልሄድም አለችህ እኮ! አላየህም?»

ዳማን አነሣኋት። ቁልፉን አስገባሁ፣ ማርሹን የሚለቀውን ፍሪሲዮን ያዝኩ፣ ረገጥኩ፤ በመጀመሪያው ተነሣች። የባሌ አባት ልጓም በመሪዋ ላይ እየተወዛወዘ በለቀስተኛው መሀል መዞር ጀመርኩ። አልቃሿ ደረቷን እየመታች ድምፅዋን ለቀቀችው፤

«የደሳለኝ ወገን ምነው ዝም አላችሁ፣
ዳማዋ ስታጓራ አልሰማም ጆሯችሁ?»

ሜዳው በሙሉ አለቀሰ። እኔም እየነዳሁ አለቀስኩ፤ ጭቃውና ዕንባው አፌ ውስጥ ገባ። ናፍቆኛል! ያን ሰው በጣም ናፍቆኛል! ሦስተኛውን ዙር ስጨርስ ዳምጤ ከፊቴ ዘወር ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ብዙ ነው። ዛሬ ከገበያ ገበያ ስሄድ የማንም ፈቃድ አልጠይቅም። ያ የጠጠር መንገድ የእኔ መንገድ ሆኗል፤ ቅቤ ባይኖርም እንኳ አንዳንዴ ለደስታዬ እነዳበታለሁ። አያ ሙላት ቤት ሳልገባ አላልፍም፤ እርጎ ያጠጡኛል። ወግ አልጠላም፣ ወጋቸው ነው ያተረፈኝ። የምጠላው እኔን ሊቀሙኝ ሲሉ ብቻ ወግ የሚያስታውሱትን ነው። እንደነዚህ ያሉት ሲመጡባችሁ አታልቅሱ፣ አትለምኑ። ወደ ሜዳው ውጡና በአገር ፊት ይሳቧችሁ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ልዘጋው ነበር። ያን ቀን አመሻሽ ላይ፣ ሕዝቡ በልቶ ጠጥቶ ሲበተን፣ እሜቴ ጥሩወርቅ ጠሩኝ። ጥቁር ሻሼን በገዛ እጃቸው ፈትተው ነጭ ነጠላ ራሴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «ማርሽ ውስጥ ነበረች አይደል?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። እጄ ወደ ካፖርቱ ኪስ ሄደ።

«የኔ ግቢ ዘቅዛቃ ነው» አሉ። «ልጄ በመጣ ቁጥር እንዲያ አድርጎ ነበር የሚያቆማት። ልቀቃት ስለው፣ ‹ተያት እማ፣ እንዲህ ከሆነች ከባለቤቷ በቀር ማንም አይወስዳትም› ይለኝ ነበር።»